የተቆለመመው ሽቦ

«ንፋሱ» የሚባለው ብስክሌት ጋላቢ በውድድር መሃል በተራራው ቁልቁለት ሦስተኛ ኩርባ ላይ ወድቆ ሞተ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ። የፊት ጎማው ከቸርኬው ወልቆ እንደ አሮጌ ቀበቶ ተንጠልጥሎ ተገኘ። በማግስቱ ጎሚስታው ተጠራ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው እጁን ቅባት የነካው ነው፤ ክራባት ያሰረማ በኋላ፣ ያውም በልመና ነው።

ጎሚስታው ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ ጎማ እየጠገነ ታናሽ ወንድሙን አስተማረ። ወንድምየው ተምሮ ከንፋሱ ጋር የብስክሌት ሱቅ ሲከፍት ባለቤቶቹ ሁለት ሆኑ። ጎሚስታው ከጓሮ በኩል የሚገባ ሠራተኛ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ።

መርማሪዋ አጭር ሴት ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የወለቀውን ጎማ በጣቷ ትዳብሳለች።

«ይህን የገጠሙት እርስዎ ነዎት?»

«የፊትም የኋላም ጎማ የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ይሄኛው ግን የኔ አይደለም።»

«እስቲ ልዩነቱን ያስረዱኝ። እኔ ብስክሌት ላይ ወጥቼም አላውቅ።»

ጎሚስታው ግራ ገባው። «አስረዳኝ» የሚለው ሰው ካገኘ ቆይቷል።

«ጎማ ቸርኬውን የሚነክስበት ጠርዝ አለው። በርካሹ ጎማ ጠርዝ ውስጥ ሽቦ አለ፤ ክብ ሆኖ ይመጣል፣ ክብ ሆኖ ይሰቀላል። የሌላው ጠርዝ ጠንካራ ክር ነው፤ እንደ ሸሚዝ ታጥፎ በካርቶን ይመጣል። ከውጭ ሲያዩዋቸው አይለዩም። ለከተማ መንገድ ሽቦው ይበቃል። ንፋሱ ግን ተራራ ወጪ ነው፤ ‹ጋሼ፣ ክብደት ቀንስልኝ› አለኝ። ሁለቱንም የሚታጠፈውን ገጠምኩለት።»

«ባለ ሽቦውን አንድ ሰው በግድ ቢያጥፈውስ?»

«ይቆለመማል። የተቆለመመ ሽቦ ቸርኬ አይዝም። ሜዳ ላይ ዝም ይላል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ዘሎ ይወጣል።»

«እዚህ ሁለት ቦታ ተቆልምሟል» አለች።

በዚህ መሃል ባለሱቁ ወንድምየው ገባ፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ዓይኑ የቀላ።

«ይህን ሰው ምን ያዳምጡታል? ውዱን ጎማ ለራሱ አስቀርቶ ርካሹን ገጠመለት! ጎማው ላይ ያለውን ጽሑፍ ይዩት፤ ልክ በአየር መንፊያው ቫልቮላ ትይዩ ነው። እንዲህ አስተካክሎ የሚገጥም ከዚህ ሰውዬ ሌላ የለም።»

ይህ ሰውዬ። ጎሚስታው ከክሱ ይልቅ እሷ ቃል ወጋችው።

መርማሪዋ ከውድድሩ በፊት ብስክሌቶቹ ወደቆሙበት አዳራሽ እነማን እንደገቡ ጠየቀች። መጀመሪያ የንፋሱን ተፎካካሪ፣ «መለሎው» የሚሉትን።

«ገብቼ የራሴን ይዤ ወጣሁ። ንፋሱን ማሸነፍ የምፈልገው በእግሬ ነበር፤ በቀብሩ ምን አገኛለሁ?»

«ክብ ጎማ ይዞ የገባ ሰው አላየህም?»

«ያንን የሚያህል ቀለበት? የሚያንቀላፋው ዘበኛ እንኳ ያየው ነበር!»

ቀጥሎ የሟቹን ሚስት ጠየቀች።

«ለምዝገባ አብረን ወጣን፤ ሩብ ሰዓት ቆየን። ብስክሌቱን የጠበቀልን ባለሱቁ ነው። ውሃ ይዤላችሁ መጣሁ ብሎ በጀርባ ቦርሳ…»

መርማሪዋ ወደ ጎሚስታው ተመለሰች።

«ጎማ ከመግጠምዎ በፊት ምን ያደርጋሉ? ሁሉንም ይንገሩኝ።»

እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፋ። «ታልክ እነሰንሳለሁ። የሕፃን ዱቄት። የውስጡ ጎማ እንዳይጣበቅ። ወንድሜ ‹ሱቄን የሕፃናት ማዋያ አታስመስልብኝ› ብሎ ከልክሎኛል። ግን ከቤቴ በኪሴ እያመጣሁ፣ እሱ ዞር ሲል እነሰንሳለሁ።»

መርማሪዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«የሟቹን የኋላ ጎማ ፈታሁት» አለች። «ውስጡ በታልክ ነጭ ነው። የወለቀው የፊት ጎማ ግን ቅንጣት ዱቄት የለበትም። ስለዚህ የፊቱን የገጠመው ሌላ ሰው ነው። ጽሑፉን በቫልቮላው ትይዩ አድርጓል፤ እሱ ከውጭ የሚታይ ልማድ ነው። ዱቄቱ ግን በድብቅ ስለሚነሰነስ አያውቀውም።»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?» አለ ባለሱቁ።

«ክብ ጎማ ይዞ የገባ ሰው አልታየም። እንግዲያው ታጥፎ በቦርሳ ገባ፤ ሽቦው የተቆለመመው ያኔ ነው። የወጣው ጎማ ደግሞ የሚታጠፍ ነው፤ በዚያው ቦርሳ ተመለሰ። የዚህ ቁም ሣጥን ቁልፍ የማን ነው?»

የባለሱቁ እጅ ወደ ኪሱ ሄደ። «የኔ።»

«ሌላ ያለው አለ?»

«የለም።»

ተቀብላ ከፈተችው። የተደረደሩትን ካርቶኖች አንድ በአንድ ከፍታ በሦስተኛው ውስጥ ያገኘችውን የታጠፈ ጎማ ስትዘረጋው ነጭ ዱቄት የባንኮኒው መስተዋት ላይ ረገፈ።

«ከፋብሪካ የመጣ አዲስ ጎማ ታልክ የለበትም። ውድ ስለሆነ ለመጣል አንጀትዎ አልቆረጠም።»

«ለምን?» አለ መለሎው።

የሟቹ ሚስት መለሰች፦ «ባሌ ድርሻውን አውጥቶ ከጋሼ ጋር ጥገና ቤት ሊከፍት ነበር። ለጋሼ ከውድድሩ በኋላ ሊነግረው፣ ‹ስሙን በሩ ላይ አጽፍለታለሁ› እያለ… ለባለሱቁ ግን ባለፈው ሳምንት ነግሮታል።»

ጎሚስታው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ለስሙ በር አስቦለት እንደነበር የሰማው ያ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ያን ሰው የገደለውም፣ ገዳይ አድርጎ ሊያሳስረው የነበረውም በጀርባው አዝሎ ያሳደገው ወንድሙ ነው።

«ጋሼ…» አለ ባለሱቁ፣ ፖሊሱ እጁን ሲይዘው።

«ዛሬ ነው ጋሼ የሆንኩት?» ጎሚስታው ቀና አለ። «ሽቦ ከተቆለመመ ሰው ይጥላል ብዬ የነገርኩህ ቀን ስንት ዓመትህ ነበር?»



«ዘጠኝ» አለ ባለሱቁ።

«ጎበዝ ተማሪ ነበርክ።»

ሲወስዱት ጎሚስታው አልተከተለም። ከኪሱ የታልኩን ቆርቆሮ አወጣና ሰው ሁሉ እያየ መስተዋቱ ላይ አስቀመጠው።