ምልክቱን ሊነቅል የመጣው ሰው

ሟቹ እግሮቹን አስፋልቱ ላይ ዘርግቶ፣ ጭንቅላቱ ከመንገዱ ዳር ከተተከለው የኪሎ ሜትር ድንጋይ ሥር ወድቆ ተገኘ። የመንገድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። የመጣውም የከተማዋ ስም የተጻፈበትን ምልክት ነቅሎ ሊወስድ ነው። አውራ ጎዳናው ከኮረብታው ጀርባ በአዲስ መስመር ከሄደ ወዲህ ይቺ ከተማ መንገድ ላይ የለችም፤ የሌለች ከተማ ደግሞ ምን ምልክት ያስፈልጋታል? እንዲህ ብሎ የሚያስብ አለቃ የትም አይጠፋም።

መርማሪው ጡረታው የደረሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። «አንድ ነገር ጠይቄ ልሂድ» ማለት ስለሚያበዛ ባልደረቦቹ «ጠይቄ ልሂድ» ይሉታል። ሬሳውን አይቶ ሲያበቃ መንገዱን ይዞ ቁልቁል ወረደ፤ ተመልሶም ሽቅብ ወጣ። በሁለቱም በኩል፣ ከሬሳው ራቅ ብሎ፣ አስፋልቱ መሀል ለምለም ቅጠል ተከምሯል።

«ነፋስ ያመጣው ነው» አለ አብሮት የመጣው ሳጅን።

«ነፋስ በቢላ ይቆርጣል እንዴ?» አለ መርማሪው፣ አንዱን ቅርንጫፍ አንስቶ የተቆረጠበትን እያሳየው።

ሳጅኑ ግን ነገሩ ያለቀ መስሎታል። ጎማ እየጠገነ የሚኖረው ጎሚስታ ገና ሳይጠየቅ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብሏል። የጎማ መፍቻ ብረትም ከሬሳው አጠገብ ተገኝቷል። ሚስቱ ወሯ ገብቷል። ዛሬ ወደ ወህኒ ከተላከ ልጁን በፍርግርግ መሀል ነው የሚያየው፤ ያውም ካየው።

እጁ በካቴና እንደታሰረ፣ በታላቅ እህቱ ሆቴል ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል።

«በምን መታኸው?» አለው መርማሪው።

«በብረቱ።»

«የቱ ጋ?»

«ግንባሩን።»

የሟቹ ግንባር ላይ ጭረት እንኳ የለም። መርማሪው ይህን አልነገረውም።

«ሥራ እንዴት ነው?»

«የምን ሥራ? ኮምፕረሰሬን ነቅዬ አዲሱ መገንጠያ ጋ ወስጃለሁ። እዚህ ማን ጎማ ይፈነዳበታል?»

መርማሪው ወደ ማደያው ተሻገረ። ባለማደያው አስፋልቱ ላይ ያሰጣውን በቆሎ በእግሩ እያገላበጠ ነበር።

«ሰውየውን ይጠሉት ነበር ይባላል» አለው።

«የመንግሥት ሰው የተባለ አልወድም። እርስዎንም ጨምሮ።»

«ደግ። በቆሎውን መኪና አይረግጥብዎትም?»

ባለማደያው ከት ብሎ ሳቀ። «የምን መኪና ጌታዬ? እዚህ የሚያልፈው ነፋስ ብቻ ነው፤ እሱም ነዳጅ አይቀዳ!» ሳቁ ግን አፉ ላይ ቀረ። የነዳጅ መቅጃዎቹን ሸጧቸዋል፤ አሁን ዓይኑን የጣለው የማደያው ጣራ ላይ ነው። ሰው የገዛ ጣራውን ከሸጠ በኋላ ምን ይሸጣል?

ባለሆቴሏ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አሳየችው። አንሶላው ሁሉ ታጥቦ ተወጥሯል፤ በየአልጋው ራስጌ የውሃ ማሰሮ በብርጭቆ ተከድኖ ተቀምጧል። የተኛበት ሰው ግን የለም።

«እንግዳ አለ?»

«ሹፌር መቼ እንደሚደርስ ይታወቃል?» አለችው፤ ቀና ብላም አላየችው።

ከበሩ ወጥቶ መንገዱ መሀል ቆመ። ሴትዮዋ ሮጣ መጥታ እጅጌውን ሳበችው። «ከመሀል ይውጡ እባክዎ፣ መኪና ይመታዎታል።»

መርማሪው ወደ ላይም ወደ ታችም አየ። አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ያኔ ነገሩ ገባው፤ ምነው ባልገባኝ ብሎም ተመኘ።

ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ሟቹን ብረት አልመታውም» ብሎ ጀመረ። «የቆሰለው ማጅራቱ ነው፤ ደሙም የኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ላይ አለ። ሰው ገፍቶት ነው የወደቀው። ብረቱን ሟቹ ራሱ ነበር ምልክቱን ሊነቅልበት የያዘው፤ መዳፉ ዝገት በዝገት ሆኗል። ይህ ልጅ ያላደረገውን ነው የሚናዘዘው።»

«አድርጌዋለሁ» አለ ጎሚስታው።

«አንተ ሬሳውንም ቅጠሉንም አይተህ ማን እንደሆነ አውቀሃል፤ ሌላ ያደረግኸው የለም። የገፋው ሰው አልሸሸም። ቅጠል ቆርጦ ከላይም ከታችም ጣለ፤ መኪና የተበላሸበት ሹፌር እንደሚያደርገው። ለምን? የሚመጣው መኪና ሬሳውን እንዳይረግጠው።»

«የምን መኪና ይመጣል?» አለ ባለማደያው።

«እሱን ነው የምለው። እርስዎ አስፋልቱ ላይ በቆሎ አስጥተዋል። መኪና ይመጣል የሚል ሰው እህሉን ጎማ ሥር አይዘረጋም። ጎሚስታውም ተስፋ ቆርጦ ዕቃውን ነቅሏል። እዚህ ከተማ መኪና የሚጠብቅ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ባለሆቴሏ አልዞረም።

«እህቴን ይተዉአት» አለ ጎሚስታው። «በእናትዎ። እኔ ነኝ ብያለሁ እኮ፣ እኔን ይውሰዱኝ።»

ባለሆቴሏ እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «ምልክቱን ብቻ ተውልኝ አልኩት» አለች። «የከተማዋ ስም ተጽፎ ካየ አንድ የድሮ ሹፌር ይታጠፍ ይሆናል አልኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። እሱ ምን ይለኛል? ‹እመቤቴ፣ የሌለ ነገር አትጠብቂ።› ያኔ ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም። እንዲተወኝ ነበር።»

«ቅጠሉስ?»

«ድንገት ቢመጣስ?» አለች። «አንድ እንኳ ቢመጣስ?»

«ወንድምዎ ሲታሰር ዝም አሉ።»

«ምንም አላደረገም፣ ይለቁታል ብዬ። ደግሞም ፈራሁ። ምን ልበልዎት፣ ፈራሁ።»

ሳጅኑ ካቴናውን ሊፈታ ቀረበ። ጎሚስታው እጁን ወደ ደረቱ ሰብስቦ እምቢ አለ። እህቱ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«ስጥ እጅህን። ልጅህ ሊወለድ ነው።»

ሲፈታ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሷ ግን ሳትጠየቅ ሁለቱን እጆቿን ዘረጋች።

መርማሪው መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ጎሚስታው በሩን ያዘበት።

«ምን ነበር ባያውቁ?» አለው።

«ልጅህ ያለ አባት ያድግ ነበር።»

«እኔም ያለ እናት ነው ያደግሁት። እሷ ናት ያሳደገችኝ። ልጄንማ እሷ ታሳድግልኝ ነበር፤ አሁን እሷን ማን ይጠብቅልኛል?»

መርማሪው ሰውየው ጣቶቹን ከበሩ ላይ እስኪያነሳ ጠበቀ፤ ከዚያ ሳጅኑን «ንዳ» አለው።